«እማዬ ሳትድን ብትሞትስ?»

ደብዳቤው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ፣ ባንክ ቤት ነው የምሠራው። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፣ በኦርቶዶክስ ቤት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ጌታን ተቀበልኩ። እማዬ ስትሰማ ሦስት ወር አላናገረችኝም። አጎቴ ቤቱን እንዳልረግጥ ከለከለኝ፣ ወንድሜም ስልኬን አያነሳም ነበር። በኋላ እማዬ ራሷ ደውላ "ለፋሲካ አትመጪም እንዴ?" አለችኝና በዚያው ታረቅን። ስለ ሃይማኖት ግን ከዚያ ወዲህ አንስተን አናውቅም። እንዲያውም በጾም ቤት ስሄድ መጥበሻ ለብቻ ለይታ እንቁላል ትጠብስልኝ ነበር።

ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ ንግግሯም ይያያዝባታል። አዲስ አበባ አምጥቻት የኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ እያስታመምኳት ነው። ቀን ሠራተኛ አለች፣ ማታ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ከደገማት እንደሚከብድ ነግሮናል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። እማዬ ሳትድን ብትሞትስ? ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ቃሉን አነብላታለሁ፣ የእኛን መዝሙር እከፍትላታለሁ። ዝም ትላለች። አንዳንዴ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። እግረ መንገዴን፣ ራስጌዋ የነበረውን የማርያም ሥዕል አቧራ ስለሚይዝ ቁም ሣጥን አስገብቼዋለሁ። የነፍስ አባቷንም ሁለቴ ጥሪልኝ ብላኝ ነበር፤ ግራ እንዳትጋባ ብዬ ስልካቸው አይነሳም አልኳት። ወንድሜ መጥቶ ይህን ሲያይ "እናቴን ተያት! በተኛችበት ልታጠምቂያት ነው?" ብሎ ጮኸብኝ። ጓደኞቼ ደግሞ "ዝም ካልሽ ደሟ ከእጅሽ ይፈለጋል" ይሉኛል። ለመሆኑ አማኝ ሰው ሌላውን ወደ እምነቱ ለማምጣት መጣር አለበት ወይስ የለበትም? — ጨንቆኝ ነው፣ ከአዲስ አበባ»

ልጄ፣

ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት ስለ ስልኩ እናውራ። «ስልካቸው አይነሳም» ብለሻቸዋል። ደውለሽ ነበር? ደብዳቤሽ ላይ ደወልኩ የሚል ቃል የለም። ደውለሽ ቢሆን ኖሮ ስንቴ እንደሞከርሽ፣ ማንን እንደላክሽባቸው ትጽፊልኝ ነበር። ባንክ የሚሠራ ሰው ጉድለት የት እንደሚደበቅ ያውቃል፤ አንቺ «እግረ መንገዴን» ከምትለው ቃል ሥር ደብቀሽዋል። ሥዕሉም እዚያ ነው፣ ስልኩም እዚያ ነው።

ላሳፍርሽ ብዬ አይደለም። ራስሽ ጻፍሽው፣ ማንም አላስገደደሽም፤ ይህ ማለት ሕሊናሽ ውስጥ እየቆጠቆጠሽ ነው ማለት ነው። እመለስበታለሁ።

ማን እንደሚመክርሽም ማወቅ አለብሽ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ባለ ማተብ ኦርቶዶክስ። ከአባቴ እህቶች ሁለቱ ሙስሊም ናቸው። በእኛ ቤት ሠርግ ሲደገስ ለእነሱ ወገን የሚሆነው በግ በሙስሊም እጅ ይታረዳል፣ ድስቱና ጭልፋውም ለብቻ ነው፤ ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም። እና «ሴትዮዋ የራሷን ቤት ልትከላከል ነው» ብትዪ አልቀየምሽም። እሱን በልብሽ ይዘሽ አንብቢኝ።

ለጥያቄሽ አጭሩ መልስ አዎ ነው። አማኝ እምነቱን ለሌላው ቢናገር፣ ቢጋብዝ፣ ቢከራከርም ነውር የለበትም። ያንቺ መጽሐፍ «ሂዱና አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት አድርጉ» ይላል፤ እኔም የማነበው ያንኑ ማቴዎስ ነው። የአክስቶቼ ቁርኣንም ሰውን በጥበብና በመልካም ግሣጼ ወደ ጌታህ መንገድ ጥራ ይላል። ለሞት መድኃኒት አገኘሁ የሚል ሰው በኪሱ ይዞት ቢዞር ነበር የሚገርመኝ። እኛ ኦርቶዶክሶች ደግሞ «ሃይማኖት ለዋጭ» ብለን ስንቆጣ አንድ ነገር እንረሳለን፤ ኢዛናም ሃይማኖቱን የለወጠ ሰው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳንቲሞቹ ላይ ጨረቃና ክብ አለ፣ በኋለኞቹ ላይ መስቀል። የሰበከውም ከጢሮስ የመጣ የባዕድ አገር ልጅ ነበር፤ ዛሬ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን እያልን የምንጠራው። ያን ጊዜ የአክሱም ቤተ መንግሥት «የአባቶቻችንን አምላክ አትንካብን» ብሎ በሩን ቢዘጋበት እኔ ዛሬ ማተብ ባላሰርኩ።

ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ሰው የፈለገውን እምነት እንዲይዝ፣ ብቻውንም ከሌሎች ጋርም ሆኖ እንዲያስተምር ይፈቅዳል። እዚያው ሥር ግን አንድ ንዑስ አንቀጽ አለ፤ ማንንም በኃይልም ሆነ በሌላ መንገድ አስገድዶ ይህን ነፃነቱን መገደብ አይቻልም ይላል። «በሌላ መንገድ» የምትለዋን ያዢልኝ።

መንግሥት በሕግ ሊገድበው የሞከረበት ጊዜም ነበር። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች በወጣው ድንጋጌ አገሪቱ ለሁለት ተከፈለች፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢና ለሚሲዮኖች ክፍት የሆነ አካባቢ ተብላ። በአንደኛው ማከምና ፊደል ማስቆጠር እንጂ ማጥመቅ የለም፣ በሌላኛው ይቻላል። ግን እምነት በካርታ አይታጠርም። በ1987ቱ ቆጠራ ከመቶ ኢትዮጵያዊ 10 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር፤ በ1999ኙ ከ18 በላይ ሆኗል። ይህ ቁጥር የጉባኤና የአዳራሽ ብቻ እንዳይመስልሽ። ብዙው እንዳንቺ ቤት ያለ ቤት ነው፣ አንዱ ልጅ ሄዶ እናት የቀረችበት፣ ወይም ባል ሄዶ ሚስት የቀረችበት፣ አንዱ ሲጾም አንዱ የሚበላበት ገበታ።

ስለዚህ መጣር ይቻላል። ታዲያ ወንድምሽ ሲጮኽ ለምን ደነገጥሽ?

አንድ ነገር ላጫውትሽ። የዛሬ ስድስት ዓመት ደረጃ ላይ ወድቄ እግሬ ተሰበረ፣ ስምንት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ እስከ ጭኔ በጀሶ ታስሬ ዐሥራ አንድ ቀን ተኛሁ። በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ኮት የለበሰ ወጣት መጽሐፍ ቅዱሱን በፌስታል ይዞ ገባ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ሲገባ ሁሉንም አጎንብሶ ሰላም ብሏል። ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሲጸልይ ቆይቶ እኔ ጋ ደረሰ። እጁን ጀሶው ላይ አሳረፈና «እናቴ፣ ኢየሱስን የግል አዳኝዎ አድርገው ይቀበሉታል?» አለኝ። ድምፁ ከፍ ያለ ነው፣ ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞሯል። እኔ ደግሞ ሽንቴ ከመጣ ቆይቷል፤ ነርሷን ነበር የምጠብቀው። «ይቀበሉታል?» አለኝ ደግሞ። «እሺ፣ እሺ» አልኩት። «ሃሌሉያ!» አለና ከኮቱ ኪስ ትንሽ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። እንግዲህ በአንድ ሰው ደብተር ላይ እኔ ከዳኑት ነኝ።

በነጋታው ደግሞ የእኛዎቹ መጡ። ነጠላ ያጣፉ ሴቶች ናቸው፣ ጸበል በሃይላንድ ይዘዋል፣ አሳባቸው መልካም ነው። ማንን ሳይጠይቁ ይረጩ ጀመር። ከእኔ ሁለተኛው አልጋ ላይ አንዲት ሙስሊም ሴትዮ ነበረች፣ ሻርፗን ሳታወልቅ ነው የምትተኛው። እሷም ላይ ረጩባት። አንድ ቃል አልወጣትም። ሻርፑን ስባ ፊቷን ሸፈነች። መነሳት ብትችል ተነስታ ትሄድ ነበር፤ የተሰበረው ዳሌዋ ነው።

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ ስብከት ስከራከር ይዘቱን ነበር የምመዝነው፤ ትምህርቱ ልክ ነው ወይስ ስሕተት እያልኩ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው ሌላ ነገር ነው። የሚሰበከው ሰው ተነስቶ መሄድ ይችላል ወይ? ታክሲ ውስጥ ቢሰብኩኝ እወርዳለሁ። መንገድ ላይ ወረቀት ቢሰጡኝ እቀበላለሁ ወይም እተዋለሁ። ጓደኛዬ ቡና እየጠጣን «ለምን አትመጪም?» ብትለኝ «አልመጣም» እላታለሁ፣ ሁለተኛውን ስኒ እንጠጣለን። መልስ አለኝ፣ እግር አለኝ፣ እንደ እሷው ነኝ። ያን ጊዜ የፈለገችውን ያህል ብትገፋኝ አልከፋም፤ እኔም እገፋታለሁ።

ተነስቶ መሄድ የማይችለው ግን ብዙ ነው። ሠራተኛዋን «በእኔ ቤት ማተብ ያላሰረች አታድርም» የምትላት እመቤት አለች፤ ልጅቷ የት ትሄዳለች? ዐረብ አገር ለመሄድ ስማቸውን ቀይረው፣ ማተባቸውን ፈተው፣ ፎቶ ሲነሱ የተሸፈኑ ልጆቻችን አሉ፤ ማንም ዱላ አላነሳባቸውም፣ ሥራውና ቪዛው ነው ያስፈታቸው። የእርዳታ ስንዴ ሲታደል ከስብከቱ በኋላ ተሰለፉ የተባለ ችግረኛም እንዲሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ በሞንታርቦ የሚሰበክበት ሰፈርተኛ ራሱ የት ይሂድ፣ ቤቱ ነው! (ይህቺን የጻፍኩት ለራሴ ሰፈር ነው፤ ከየትኛው ቤተ እምነት እንደሆነ አልነግርሽም፣ በየተራ ነው።) «በሌላ መንገድ» ማለት ለእኔ ይህ ነው።

እኛ ወሎዬዎች ይህን ከመጽሐፍ አልተማርነውም። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ ጉባኤ ጠርተው የቤተ ክርስቲያኑን ክርክር ከቋጩ በኋላ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ሹመት ያለው ወይ ይጠመቃል ወይ ሹመቱን ይለቃል። መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል። ሼህ ጠልሃ አሻፈረኝ ብለው ሸፈቱ። ድሃው ግን ሹመትም የለው፣ የሚሸፍትበት ጠመንጃም የለው፤ እርሻው እዚያው ነው፣ ከብቱ እዚያው ነው። «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» የተባለለት እሱ ነው። ተጠመቀ፣ ስም ተሰጠው፣ ሲመሽ ሰገደ። ዛሬ ደቡብ ወሎ ብትሄጂ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ያ ሁሉ ጥምቀት ያተረፈው ነገር ቢኖር የአያቶችን ቂም ነው። የአክስቶቼ ወገን እስከ ዛሬ ይህን ሲያነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ እንዳልሰማ ነው፣ ለእኔ አዝነው።

ከዚያ በፊትም በሱስንዮስ ጊዜ ታይቷል። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ኢየሱሳዊ የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ግዕዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ ቤተ መንግሥት ተከራክሮ ነው ንጉሡን የማረከው። ከሱስንዮስ ጋር ሲከራከር ሱስንዮስ በሩን ሊያሳየው ይችል ነበር፤ ንጉሥ ነዋ። ፓኤዝ በ1622 እንደ ፈረንጆቹ ሞተ። ቀጥሎ የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ የተጠመቀውን ሕዝብ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሶቹ እንደገና ክህነት ይቀበሉ አለ፣ በንጉሡ ኃይል። ገበሬው በሩን ለማን ያሳይ? ተነሳ፣ አገር በደም ታጠበ፣ በ1632 ሱስንዮስ ራሱ ወደ ጥንቱ ሃይማኖት ተመለሱ ብሎ አወጀ፣ ዙፋኑንም ለፋሲለደስ ለቀቀ። ይህን የምነግርሽ «ልስላሴ ከኃይል የተሻለ ማጥመጃ ነው» ለማለት አይደለም። ልስላሴም ማጥመጃ ይሆናል። አንቺ በጣም ልስልስ ነሽ።

አሁን ወደ እናትሽ አልጋ እንምጣ። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ምላሳቸው ይያያዛል። የሚያጎርሳቸው፣ የሚያገላብጣቸው፣ የሚያጥባቸው ማነው? አንቺ። መድኃኒቱን በሰዓቱ የምትሰጪ አንቺ፣ ስልኩን የያዝሽ አንቺ፣ መዝሙሩን የምትከፍቺ አንቺ። «እባክሽ ዝጊው» ለማለት ሁለት ቃል ይፈልጋሉ፤ ሁለቱን ለማውጣት ምን ያህል እንደሚታገሉ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቢወጣላቸውስ ማታ የምታገላብጣቸውን ልጅ ማስቀየም ይደፍራሉ? «ዝም ትላለች» ብለሻል። ዝምታቸውን እንደ ክፍት በር ቆጥረሽዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ሲያዞሩ ግን ተነስተው እየሄዱ ነው፣ ልጄ። በቀረቻቸው አካል፣ በአንገታቸው እየሄዱ ነው።

ሌላም ልብ በዪ። ስትሮክ የመታው ሰው አንዳንዴ ያለ ምክንያት እንባው ይመጣል፣ ወይም ይስቃል፤ የበሽታው ጠባይ ነው፣ ሐኪሙን ብትጠይቂው ይነግርሻል። ስታነቢላቸው ቢያለቅሱ ቶሎ ብለሽ «መንፈስ ነካት» አትበዪ። የእኔን «እሺ» የጻፈው ልጅ ደብተር ይበቃል።

ፍርሃትሽን አላቃልለውም። እናቷ ለዘለዓለም ትጠፋለች ብላ የምታምን ልጅ እንቅልፍ ብታጣ ነው የሚገባት። ማን እንደሚድን እኔ አልነግርሽም፤ አላውቅም፣ ጓደኞችሽም አያውቁም። ግን በራስሽ ቤት ትምህርት ልጠይቅሽ። ሰውን የሚለውጠው መንፈስ ቅዱስ ነው አይደል የምትሉት? መዳን በጸጋ ነው፣ የሰው ሥራ አይደለም አይደል የምትሉት? ታዲያ ያ መንፈስ ሥራውን ለመሥራት የማርያም ሥዕል ቁም ሣጥን እስኪገባለት ይጠብቃል? አንድ ቄስ በር ቢያንኳኩ ይከለከላል? በእግዚአብሔር ያመነ ሰው ስልክ አይደብቅም። የደበቅሽው ስላላመንሽው ነው፤ ይህን ስልሽ እንደሚያምሽ አውቃለሁ።

ደግሞ እናትሽን ክርስቶስን እንደማያውቁ አድርገሽ ነው የጻፍሽው። በአማላጅነት፣ በቅዱሳን፣ በምሥጢራት ላይ ያለን ልዩነት እውነተኛ ልዩነት ነው፣ «ሁሉም አንድ ነው» ብዬ አላድበሰብሰውም። ነገር ግን ዕድሜ ልካቸውን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ሲሉ የኖሩ ሴት የማንን ስም እየጠሩ ነበር? ይህን ጓደኞችሽ ሳይሆኑ አንቺ አጠገባቸው ተኝተሽ ሌሊት የሰማሽው ነው።

«ደሟ ከእጅሽ ይፈለጋል» ያሉሽ ጓደኞችሽ ሕዝቅኤልን ይዘው ነው። እስከ መጨረሻው ያንብቡት። ጉበኛው፣ ማለት የከተማው ጠባቂ፣ መለከቱን ይነፋል፤ ከነፋ በኋላ ነፍሱን አድኗል ይላል። የሰማውን ሰው አልጋ ላይ አስተኝቶ በየማታው ይንፋበት አይልም። እናትሽ ሰምተዋል። ሁለተኛ ዓመት ሳለሽ ነው የሰሙት፤ ሦስት ወር ያኮረፉት ሰምተው ነው፣ ለፋሲካ ነይ ያሉሽም ሰምተው ነው።

እንቁላሉንስ? ያቺን መስመር ስታነቢያት ምን እንዳለባት ታይቶሻል? ዐቢይ ጾም ነው እንበል። ቤቱ ሽሮና ጎመን ነው። አንድ ኦርቶዶክስ እናት ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ምንም ሳይቀምሱ ቆይተው፣ የፍስክ መጥበሻ ከላይኛው መደርደሪያ አውርደው፣ በቅቤ ይሁን በዘይት እንጃ፣ እንቁላል ይጠብሳሉ። ሽታው አፍንጫቸው ውስጥ እየገባ። ጎረቤት ቢመጣ ምን ይባላል? «የማን እንቁላል ነው?» ቢሉ ምን ይመልሳሉ? ጠብሰው አቀረቡልሽ፤ አልቀመሱም፣ አልገሠጹሽም፣ መጥበሻውን አጥበው ለብቻው መለሱ። ከእምነታቸው አንዲት ክር አልለቀቁም፣ ካንቺም አንዲት ክር አልወሰዱም። እሳቸው ጤነኛ ሆነው፣ ቤቱ የእሳቸው ሆኖ፣ አንቺ እንግዳ በነበርሽ ጊዜ ነው ይህን ያደረጉት። አሁን ቤቱ ያንቺ ነው፣ ጤነኛዋ አንቺ ነሽ።

ለወንድምሽ ጥብቅና አልቆምኩም። ያን ጊዜ ስልክሽን አላነሳም ነበር ብለሻል፤ ዛሬ ስለ ነፃነት ሲጮኽብሽ ቢያንገሸግሽሽ ተረድቼሻለሁ። ያንቺ ወገን በዚህ አገር ምን እንዳሳለፈም አውቃለሁ። በንጉሡ ዘመን መጨረሻ የሙሉ ወንጌል አማኞች ለጸሎት በተሰበሰቡበት ሲታሰሩ፣ በደርግ ጊዜ ጸሎት ቤት ሲታሸግ፣ በ1971 ቄስ ጉዲና ቱምሳ ተወስደው ሲገደሉ፣ «ጴንጤ» የሚለው ቃል ራሱ ስድብ ሆኖ ሰው ከጓደኛው ሲለይ፣ ከእኛ ብዙዎቻችን «ይበላቸው» ብለናል። አጎትሽ በሩን የዘጋብሽ ጊዜም ደጃፉ ላይ የቆምሽው አንቺ ነሽ። በር ሲዘጋ ምን እንደሚመስል ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስለዚህ ነው ከወንድምሽ ይልቅ ከአንቺ ብዙ የምጠብቀው።

እንግዲህ ምን ታድርጊ? ዛሬ ማታ ሥዕሉን ከቁም ሣጥን አውጪና በነበረበት ስቀዪው። አንቺ አትስገጂለትም፣ አትሳሚውም፤ ማንም አይጠይቅሽም። አቧራውን ግን ጥረጊው፣ ሰበብሽ እሱ ስለነበረ። መዝሙር ከመክፈትሽ በፊት «የትኛውን ልክፈትልሽ?» በያቸው፣ ሁለቱንም አሰሚና በግራ እጃቸው ያሳዩሽ። ውዳሴ ማርያም ከሆነ ምርጫቸው፣ ከፍተሽላቸው ወደ ክፍልሽ መሄድ ትችያለሽ። አንቺ እግር አለሽ።

ከዚያ እውነቱን ንገሪያቸው። «እማዬ፣ ስልኩን አልደወልኩም ነበር» በያቸው። ይህቺ ከሁሉም ትከብድሻለች፣ ልትዘያት ትፈልጊያለሽ፤ ቄሱን ብቻ ጠርቼ ነገሩን ላድበስብሰው ትያለሽ። አይሆንም። ሁለቴ ጠይቀው ስልክ አይነሳም የተባሉ ሕመምተኛ «የነፍስ አባቴ ረሱኝ» እያሉ ይሆናል የተኙት። ያንን ሐዘን ካንቺ ሌላ የሚያነሳላቸው የለም።

ምስክርነትሽን ተዪ አልልሽም። አንድ ጊዜ ንገሪያቸው፣ ደኅና ባሉበት ቀን፣ ቀን በብርሃን፣ ራት እያጎረስሽ አይደለም። አስቀድመሽ ፈቃድ ጠይቂ፤ «ስለማምነው ነገር ልነግርሽ እፈልጋለሁ፣ ካልፈለግሽ እጅሽን አንሺ።» ካነሱ እዚያው ላይ አበቃ፣ በሌላ ቀን በሌላ ቃል አትመለሺበት። ካላነሱ ስለ ትምህርት ልዩነት ሳይሆን ምን እንዳገኘሽ ንገሪያቸው። ልጃቸው ነሽ፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ያልጠየቁሽን ነገር ማወቅ ይፈልጉ ይሆናል። ከዚያ ዝም በዪና እሳቸው ይናገሩ፣ ቢያንተባትቡም ጠብቂ፣ ዐረፍተ ነገራቸውን አትጨርሺላቸው።

«እሺ ካለችኝስ?» ትዪኝ ይሆናል። ሊሆን ይችላል፣ ሰው በሰባ ዓመቱም ሐሳቡን ይለውጣል። ግን ያ እሺ የሚመጣው የነፍስ አባታቸው መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ ሥዕሉ ከራስጌያቸው ተሰቅሎ እያለ፣ ወንድምሽ ወንበር ስቦ ተቀምጦ እየሰማ ይሁን። እንዲያ ከሆነ እኔም ማተቤን ይዤ «ፈቃዳቸው ነው» እላለሁ። ሌሊት፣ ሁለታችሁ ብቻ በሆናችሁበት የተባለ እሺ ግን ላንቺም አይጠቅምሽም፤ እናትሽ ካለፉ በኋላ ዕድሜሽን ሙሉ «ከልቧ ነበር ወይስ እኔን ላለማስከፋት?» ስትዪ ትኖሪያለሽ።

ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም፣ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ወንድምሽን «የነፍስ አባቷን አንተ አምጣቸው» በዪው፤ ከመጮኽ የሚሻል ሥራ ይሆነዋል። እሳቸው ካልቻሉ ባቅራቢያሽ ካለው ደብር ለሕመምተኛ የሚመጣ ካህን ይገኛል፣ ሠራተኛሽ ሳታውቅ አትቀርም። ቄሱ ሲመጡ ቡና አፍዪ። በእናትሽ ግራ በኩል አስቀምጫቸው፣ በዚያ ጎን ነው የሚታዘዛቸው። አጋጣሚውን ተጠቅመው አንቺን ሊገሥጹሽ ቢነሱ «አባቴ፣ የመጡት ለእሷ ነው» ብለሽ መነሳት ትችያለሽ። ንስሐ ሲሆን «ልጄ፣ እስቲ ውጪ» ይሉሻል። ውጪ። በሩን ዝጊና ሳሎን እንዳትቀመጪ፣ ኩሽና ድረስ ሂጂ፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው።